በቅጽ የሚሠራ ፎር ባይ ፎር

ጎንደር ውስጥ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንዲት ነጭ ፒክአፕ ነበረችን። ጎኗ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ፎር ባይ ፎር» ተብሎ ተጽፎባታል። ኃላፊያችን ጽሑፉን ይወደው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግቢ ድረስ ይዞት ይወጣና ፊደላቱን በመዳፉ እየጠረገ «ይቺ ተራራ ትወጣለች» ይላል። ተራራ ስትወጣ ግን አይቷት አያውቅም። እሱ የሚያውቃት ከቢሮ አራዳ፣ ከአራዳ ደግሞ ምሳ የሚበላበት ቤት ስታደርሰው ነው። ያ ሁሉ አስፋልት ነው።

ሾፌራችን ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው ሰው ነበሩ። ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። «አንተ» የሚላቸው ኃላፊው ብቻ ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። አያ ወሬ አያበዙም፤ አንዲት ነገር ግን በየሳምንቱ ይደጋግሙ ነበር። አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ክፍል ካልሠራ ይታሰራል ይላሉ። በወር አንዴ እንኳ አፈር መንገድ ላይ አስገብቶ ጥቂት መንዳት ያስፈልጋል፤ በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉት በእጅ የሚዞሩ መቆለፊያዎች ግራሶ ይፈልጋሉ፤ የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይትም መታየት አለበት። ኃላፊው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም። የሰማው አንድ ወዳጁ ምሳ ላይ የነገረውን ነው፦ «አራት ጎማ ነዳጅ ይጨርሳል።»

አንድ ሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። ከእንግዲህ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አራት ጎማ ማስገባት ክልክል ነው። ፈቃድ የሚፈልግ ሾፌር ቅጽ በሦስት ኮፒ ይሞላል። ቅጹ ላይ «የሚገባበት ቦታ»፣ «የሚገባበት ሰዓት»፣ «የጭቃው ዓይነት» የሚሉ መስመሮች ነበሩ። ቅጹን ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የጭቃው ዓይነት» የምትለዋን ለቀልድ ነበር ያስገባኋት፤ ጸደቀች።

አያ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። እኔም የሚፈረም ወረቀት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ጌታዬ፣ ጭቃ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ይህን ማን ይፈርምልኛል?»

«አስቀድመህ ታቅዳለሃ!»

«ጭቃው አያቅድም እኮ።»

«እንግዲያው አትግባበት።»

«ግራሶውስ? በዚህ ወር እንኳ ቢገዛልን…»

«የማይሠራ ዕቃ ምን ጥገና ይፈልጋል?» አለና ስልኩን አነሳ።

በጋው እንዲህ አለፈ። ሐምሌ ላይ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ከብት ልንከትብ ወጣን። ኃላፊው ክትባቱን በንግግር ልክፈት ብሎ አብሮን መጣ። ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። ዋናውን መንገድ ለቀን ጥቁሩን አፈር ልንይዝ ስንል አያ ማኪናዋን አቆሙ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ በኋላ አራቱንም ላስገባ። ይፍቀዱልኝ።»

«ቅጹን ይዘሃል?»

«ቢሮ ነው ያለው።»

«እንግዲያው በሁለቱ ሞክር። ራሴ ያወጣሁትን መመሪያ ራሴ ልጣሰው?»

አያ በመስታወቱ አዩኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ፣ ማኪናዋም በሆዷ ተኛች።

ኃላፊው ያኔ ነው የነቃው። «አስገባው! ፈቅጃለሁ! አስገባው እንጂ!»

አያ ወርደው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። የቀኙ መቆለፊያ እየጮኸም ቢሆን ዞረ። የግራው ግን ዝጎ ከቤቱ ጋር አንድ ሆኗል። በጨርቅ ሞከሩት፣ በፒንሳ ሞከሩት፤ መያዣው ተሰብሮ እጃቸው ላይ ቀረ። አንዱ ካልተቆለፈ ሌላው ብቻውን አይጎትትም። ቢሆንም ገብተው ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን አጭሯን ዘንግ ሳቡ፣ ነዳጅ ሰጡ። የፊት ጎማዎቹ ፍንክች አላሉም፤ የኋላዎቹ ብቻቸውን ተሽከረከሩ። ኃላፊው ደግሞ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ አመራር ይሰጥ ነበር። ጭቃው ከጫማው ጀምሮ እስከ ክራቫቱ ድረስ አለበሰው። ዓይነቱን መዝግቤ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ገበሬዎች ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ ማኪናዋን ዞረው ዞረው ካዩ በኋላ፣

«ምነው አያ፣ ይቺ ሸጋ ማኪና አራት እግር አላት ይሉ የለም እንዴ?» አሉ።

«አላት» አሉ አያ። «ሁለቱን እንዳታነሳ ተከልክላ ነው።»

ሽማግሌው ነገሩን ለማጣራት አልደከሙም። ልንከትባቸው ከመጣንላቸው በሬዎች ሁለቱን አስጠመዱ፤ ገመድ ታሰረ፤ ወንዶቹ ባሕር ዛፍ እያስገቡ አነሱልን፤ በሬዎቹ ጎትተው አወጡን። ከዚያ በኋላ ኃላፊው በሱፉ ላይ ጭቃው እየደረቀ ንግግሩን አደረገ። «መሥሪያ ቤታችን በዘመናዊ ተሽከርካሪ ደጃችሁ ድረስ መጥቶ…» ሲል ከሴቶቹ መሃል አንዷ «መምጣቱንስ የእኛ በሬ አመጣው» አለች። ሰዉ ሳቀ። ኃላፊውም ንግግሩ የጣመላቸው መስሎት አብሮ ሳቀ።

በሳምንቱ የንብረት ጉዳት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኃላፊው ራሱ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። አያ ፊታችን ቆሙ፤ ተቀመጥ ያላቸው የለም።

«ዕቃው እንዳይበላሽ በራስህ ተነሳሽነት ለምን አላሠራኸውም?» አለ ኃላፊው።

«ተከልክዬ ነዋ።»

«ክልከላ ምክንያት አይሆንም። ባለሙያ አይደለህ?»

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊው ልጄ፤ ጥፋቴ መታዘዜ ነው በዪ።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ኃላፊው አነበበና ሰረዘው፤ በምትኩ «የሾፌሩ ቸልተኝነት» አስባለኝ። እኔም ጽፌ ፈረምኩ። የደረጃ ዕድገቴ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። አያ ከፒክአፗ ተነስተው የግቢ በር ጥበቃ ላይ ተመደቡ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ በሩን ከፈቱልኝና፣

«ፊርማሽ ያምራል» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ሰው የሰደበኝ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል አላመመኝም።

ማኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ተከትዬ ሄድኩ። መካኒኩ የግራውን መቆለፊያ በመዶሻ ነቅሎ አሳየኝ፤ ውስጡ ቀይ ዱቄት ሞልቶታል።

«ይኼ በሥራ የተበላሸ አይደለም» አለ። «በዕረፍት ነው የተበላሸው።»

«እንደሱ ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት።

በሥራ ትእዛዙ ላይ ጽፎ ማኅተም መታበት። ያንን፣ የክልከላውን ደብዳቤና ፊርማዬን የማነሳበትን ማመልከቻ አንድ ላይ አድርጌ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ኃላፊው አስጠራኝ።

«አንቺ የከብት ሐኪም አይደለሽ? ማኪና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«የፈረምኩት ውሸት ስለነበረ ነው» አልኩት። ዕድገቴም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ፍትሕ ወዲያው መጣ ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። ኃላፊያችን ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ በሽኝቱም «በንብረት አያያዝ ላሳየው ጥንቃቄ» የምስክር ወረቀት ተሰጠው። አዲሱ ኃላፊ ለአያ ቁልፉን የመለሰላቸው ማመልከቻዬን አንብቦ አይደለም። በአያ ቦታ የተተካው ልጅ ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር ስላቃተውና አዲሱ ኃላፊ ሕይወቱን ስለሚወድ ነው። እኔ ግን አመሰገንኩ፤ ከየትም ይምጣ።

አያ ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም። አንድ ቅዳሜ ብቻ «ነይ ተማሪ» ብለው ወለቃ አጠገብ ወዳለ አፈር መንገድ ወሰዱኝና መሪውን ሰጡኝ። መቆለፊያዎቹን ወርጄ በእጄ አዞርኩ። ማኪናዋ እንደቆመች ተመልሼ ገብቼ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ አጭሯን ዘንግ ሳብኩ። «ደረቅ አስፋልት ላይ እንዳታስገቢው፤ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ» አሉኝ። ስጨርስም ዘንጓን መልሼ፣ የፊት ጎማዎቹ እንዲላቀቁ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ እንድነዳ አደረጉኝ። አሥር ጊዜ ወደፊት፣ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ።

መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ሴት ስታየን ቆይታ አላስቻላትም።

«ምነው እናንተ ሰዎች፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው ወዲያ ወዲህ የምትሉት?»

«ምንም አልጠፋን፤ ሥራ ፈትታ እንዳትደርቅ እያፍታታናት ነው» አሏት አያ።

«እንዲህ ያለ ሙያ ካላችሁማ ባሌን ላምጣላችሁ» አለች። «ከፋሲካ ወዲህ ከመደብ አልተነሳም።»

አያ የማኪናዋን በር ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከቃለ ጉባኤው ወዲህ እኔ ባለሁበት ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።