ሁለት ካሜራ ይዘን ወደ ጮሌ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሜሮን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «ጋሼ፣ ከሁለቱ የቱን ልግዛ?» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ያገለገሉ የፊልም ካሜራዎች ተደርድረዋል። እኛ ተገላገልነው ያልነው ፊልም ዘንድሮ በወጣቶች ዘንድ ፋሽን ሆኗል አሉ። አንደኛው በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ሌላው ከላይ እስከ ታች ብረት የሆነ ሜካኒካል።

«ብረቱን» አልኳት ሳላስብበት።

«ለምን?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ወንበር ሳብኩላትና ይህን አጫወትኳት።

በወጣትነቴ አሰላ ውስጥ ከጓደኛዬ ከታምራት ጋር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችን። ታምራት አዲስ ኤሌክትሮኒክ ካሜራ ገዝቶ መሬት አልበቃው ብሎ ነበር። ብርሃኑን ራሷ ትለካለች፣ ፍጥነቱን ራሷ ትመርጣለች። የኔዋ በብረት ሞላ የምትሠራ፣ ባትሪ የሚባል የማታውቅ ነበረች፤ ብርሃን የምለካው እኔው ነኝ፣ በዓይኔ። እሱ የኔን «ወፍጮ» ይላታል፤ እኔ የሱን «ቅምጥል» እላታለሁ። ደንበኛ ፊት ሳይቀር እንከራከር ነበር። እውነቱን ለመናገር ክርክሩን እወደው ነበር፤ ዛሬም ሰው ቢጀምርልኝ አልጠላም።

አንድ ኅዳር ላይ አስካለ የምትባል ሴት ጮሌ ከምትባል የአርሲ ገጠር መጣች። እናቷ እማማ ዘነበች በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ ሰርግ ላይ እንኳ ካሜራ ሲያዩ በነጠላቸው ተሸፍነው ዘወር ነው። አሁን ታመዋል። አስካለ ለምና ለምና እሺ አሰኝታቸዋለች።

«አባቴ ሲሞት ትንሽ ነበርኩ፤ ፎቶም አልነበረውም። መልኩ ጠፍቶብኛል፤ ባስበው ባስበው አይመጣልኝም» አለችን። «እማዬንም እንደዚያ እንዳላጣት።»

ታምራትና እኔ ተያየን። ሁለታችንም ካሜራችንን ይዘን በአውቶቡስ ተሳፈርን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል፤ በየመስኮቱ የሚገባው አቧራ ገለባ ገለባ ይሸታል። ማታ እነአስካለ ቤት በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ በላን። ታምራት ካሜራውን ከነቦርሳው በረንዳው ላይ ትቶት አደረ፤ እኔ የኔን እንደ ልማዴ ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቻት ተኛሁ።

ጠዋት ጉም ወርዶ፣ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ቤቱ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ እማማ ዘነበችን ደጅ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ!» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «እንደ መርፌ አንዴ ወግታችሁኝ ልቀቁኝ። ሁለተኛ አልቀመጥም።» ቀልድ አልነበረም፤ አስካለ አስቀድማ ቃሏን ሰጥታቸዋለች።

«የማታሳፍረኝ የትኛዋ ናት?» አለች አስካለ።

«የኔ!» አልን ሁለታችንም፣ እኩል።

የታምራትን መረጠች። በጉም ውስጥ ብርሃን በዓይን መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ አልተቀየምኩም። እማማ ዘነበች ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ታምራት ቁልፉን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ብርዱ ባትሪውን ገድሎታል። ላብ በላብ ሆኖ ባትሪውን አወጣና፣ እንዲሞቅለት ብሎ በሸሚዙ ሥር ብብቱ ውስጥ ወሸቀው።

«ልጄ፣ ምን ነከሰህ?» አሉ እማማ ዘነበች። «ቁንጫ ነው? የኛ ቁንጫ እኮ እንግዳ ይወዳል!»

በራሳቸው ጨዋታ ሳቁ። ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። እኔ ካሜራዬን አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር፤ ጠቅ አደረግኩ።

የአስካለ ፊት ጠቆረ። «በሳቅ? ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ፎቶ በሳቅ?» በዚያ ዘመን ሰው ፎቶ የሚነሳው ተቆልፎ፣ ተኮሳትሮ ነው፤ ጥርስ ማሳየት እንደ መቅለል ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ ብላ ለመነቻቸው። «ተባብለናል!» ብለው ተሸፍነው ገቡ። ስንመለስ የብርሃኑ ነገር አላሳሰበኝም፤ በጉምም ቢሆን በዓይኔ እተማመናለሁ። ያሳሰበኝ ሳቁ ነበር። ያቺ ልጅ በኔ ጣት የእናቷን መልክ አጥታ እንደሆነስ?

ፊልሙ ሲታጠብ ጥርት ብሎ ወጣ። አስካለ መጥታ ፎቶውን አየችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚያው ዓመት እማማ ዘነበች አረፉ። ለለቅሶ ጮሌ ስንደርስ ያ ፎቶ አድጎ በፍሬም ሆኖ ድንኳኑ ውስጥ ቆሟል። አልቅሶ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ ሲያያቸው ፊቱ ይፈታ ነበር። አስካለ እጄን ይዛ፣ «አባቴ እንዴት ይስቅ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው የለም» አለችኝ። «የሷን ግን ማንንም አልጠይቅም።» ድንኳኑ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ታምራት እስከ ዛሬ «ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ» እያለ የፎቶውን ግማሽ ይጠይቀኛል። እሰጠዋለሁ። በካሜራው ግን አልስማማም።

«ስለዚህ ብረቱን ግዢ» አልኳት ሜሮንን። «ባትሪ ሞተ አልሞተ አትዪም። ዓይንሽ የምታነሺው ሰው ላይ ይሆናል፤ መጠበቅ ያለብሽም እሱን ነው።»

«ብርሃኑንስ ማን ይለካልኛል?»

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት። «እስክትለምጂ እኔ አለሁ።»