ካፖርቱን ያዩ ምስክሮች

"በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" የሚል ሰው ስሰማ ሳቄም ንዴቴም እኩል ይመጣሉ። ይህ አመል የያዘኝ በደርግ ጊዜ ኮኪት ላይ ሻይ ቤት ሳለኝ ነው።

ኮኪት ከመተማ ዮሐንስ ወዲህ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ያጥለቀልቃታል፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ሳሉግ በአጨዳ ወቅት አቧራ ለብሶ፣ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚውል፤ ለከተማው ሰው አንዱ ከሌላው አይለይም። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባል የለ? ለመለየት የሞከረም አልነበረም።

ከጎጃም ከአንድ አገር ተያይዘው የመጡ አጫጆች ደንበኞቼ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለሁሉም የምትሆን አንዲት ካፖርትና አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ነበራቸው። እርሻው ላይ በቁምጣና በባዶ እግር ይውላሉ። ወደ ከተማ ለሳሙናና ለጨው የሚላከው ባለተራ ግን እንዲያ ሆኖ ገበያ መግባት ነውር ነው ብሎ ካፖርቷን ይደርባል። በዚያ ድንጋይ በሚሰነጥቅ ፀሐይ ካፖርት! "ሙቀቱ አይገድላችሁም ወይ?" ስላቸው፣ "እታለም፣ ሙቀት ያልፋል፤ ራቁቱን ገበያ ገባ የሚል ስም ግን አያልፍም" ይሉኛል። ጫማው ደግሞ ለሁሉም ሰፊ ስለነበር ማንም ቢጫማው እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄድ። እኔ ቤቴ ተቀምጠው ስለሚበሉ አንዱን ከአንዱ አውቃለሁ፤ አንዱ ሚጥሚጣ ይወዳል፣ አንዱ ወሬ ይወዳል፣ አንዱ ሁለቱንም። የቀረው የኮኪት ሰው ግን ሁሉንም ጨፍልቆ "ባለካፖርቱ" ይላቸው ነበር፤ አንድ ሰው ይመስሉት ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ የሐጂ ሬዲዮ ጠፋ። ሐጂ ባለሱቅ ናቸው፤ ሚዛን የማይሰርቁ፣ ለድኻ የማይጨክኑ ደግ ሰው። ለሶላት ጀርባቸውን ሰጥተው ሲመለሱ፣ ባንኮኒው ላይ የሱዳን ዘፈን ሲያሰማ የሚውለው ሬዲዮ የለም። ያዩት ነገር ቢኖር ካፖርት ለብሶ እግሩን እየጎተተ የሚርቅ ሰው ነው። በረንዳቸው ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊም "እኔም አይቻለሁ" አለ።

በማግሥቱ ባለካፖርቱ ሲመጣ ያዙት። የዕለቱ ባለተራ ግን ከቅዳሜው ሌላ ሰው ነበር። የተያዘው ከመካከላቸው ዝምተኛው ሲሆን ቅዳሜ ሰሊጥ ሲያጭድ ነው የዋለ። ወደ ቆላ የወረደውም በሬው ሞቶበት፣ ሌላ በሬ መግዣ ሊሠራ ነው። ሌባ ተብሎ ጎንደር ወህኒ ከወረደ በሬው ቀረ፤ አገሩ ላይ ያለው ስሙም አለቀለት። ሰሊጥ እንደሁ ታሳሪ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ መሬት ላይ ይረግፋል። አንጀቴን በላኝ።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተሰየመ። ግራ እጃችንን አነሳን፣ መፈክር አሰማን፣ ተቀመጥን። ሐጂ "ወላሂ፣ ይኸ ሰው ነው" ብለው ማሉ። ሐጂ አይዋሹም፤ የነገሩ ክፋት እሱ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ ቅዳሜ ሻይ ቤቴ ቁጭ ብሎ "ካፖርት ብቻ ነው ያየሁ" ያለው ሰውዬ፣ ሸንጎ ፊት ሲቆም አፍንጫውን፣ ጥርሱን፣ የግንባሩን ጠባሳ ሳይቀር ዘረዘረ። ጠባሳውንማ ያየው እዚያው ነው፤ ተከሳሹ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ተነስቼ ይህንኑ ብናገር ሊቀመንበሩ፣ "ጓዲት፣ አንቺ ቦታው ላይ ነበርሽ?" አለኝ።

"አልነበርኩም።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ።"

ቅዳሜ ካፖርቷን ለብሶ የነበረው ጎልማሳ ራሱ ተነስቶ፣ "በዚያ ያለፍኩ እኔ ነኝ፤ ሳሙና ገዝቼ ነው የሄድኩ፣ ሬዲዮ አልነካሁም" ቢል፣ "ወገንህን ልታድን ነው" ብለው አስወጡት። ዝምተኛው ተፈረደበት። ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና እስኪገኝ ድረስ የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት።

ንዴቴ ሲበርድ ተንኮሌ መጣ። ምሳ ይዤለት ገባሁና ካፖርቷንና ጫማውን ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ጠባቂው ቢጠይቀኝ "ላጥብለት ነው" ልለው ነበር፤ አልጠየቀኝም። ለአጫጆቹ አለቃ ሰጠሁትና፣ "ነገ አንድ ሰው አልብሳችሁ በሐጂ ሱቅ ፊት አሳልፉት" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠ።

"ሁለተኛ ሰው ቢታሰርብንስ፣ እታለም?"

"አንዱን ሌባ ሁለት ጊዜ እንዴት ያስሩታል?" አልኩት። በመልሴ ኮራሁ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ከታሳሪው በአንድ ክንድ የሚረዝም፣ መሎጊያ የሚያህል ሰው ካፖርቷን ደርቦ፣ እግሩን እየጎተተ አለፈ። ሐጂ "አመለጠ፣ ያዙት" ብለው ተጣሩ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ወጣ። አብዮት ጠባቂዎች ሰውዬውን እየገፉ መጋዘኑ ድረስ ወሰዱትና ቁልፉን ከፈቱ። ዝምተኛው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ከተማው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ እኔም በልቤ አሁን ገባቸው አልኩ።

ልብስ ሰፊው ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጎጃሜ እኮ ነው፤ ድግምት አለው" አለ። "እዚህ ተቀምጦ እዚያ ይታያል።"

ሕዝቡ አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ። የጎጃም ሰው አስማት ያውቃል፣ ይሰወራል የሚል ወሬ በቆላው ድሮም ነበር። ዓይናችን ተሳሳተ ከማለት ሰው በግድግዳ ያልፋል ብሎ ማመን ቀለላቸው። ረጅሙ ሰውዬ፣ "እኔ እኮ ሌላ ሰው ነኝ፤ ቁመቴን እዩት" ቢል፣ "ሲፈልግ ይረዝማል" ተባለ። ሳቄን ለመያዝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

ሊቀመንበሩ ማታ ማታ ስለ ሳይንስ የሚያስተምረን ሰው ነው። "አስማት የሚባል ነገር የለም፣ ጓዶች" እያለ ከበሩ ርቆ ቆመ። ረጅሙንም አብሮ አስቆለፈበት፤ ከዚያ ወዲያ እስረኞቹን ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሾፌር ጠፋ፤ አንዱ ጎማዬ ፈነዳ አለ፣ ሌላው ናፍጣ አለቀብኝ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ "አብዮቱ ምሕረት አድርጎልሃል" ብሎ ሁለቱንም ለቀቃቸው። ሬዲዮውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወደ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሮ እዚያው አገሩ ሲዘፍን ይሆናል።

እኔ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ሻይ በነጻ ቀዳሁ። አጫጆቹ እየሳቁ ጠጡ፤ ዝምተኛው ግን ብርጭቆውን ሳይነካ ተቀመጠ። "ተፈታህ እኮ፤ ሰሊጡም ገና አልረገፈም" ስለው፣ "ሐጂን አንድ ነገር ልጠይቃቸው" ብሎ ተነሳ። ተከተልኩት።

ፊቱን ታጠበ፤ ራሱን የጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታ። በቁምጣ፣ በባዶ እግሩ፣ ያለ ካፖርት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ያን ያህል የሚፈሩትን ነውር ረስቶታል።

"ሐጂ፣ ደኅና አድርገው ይዩኝ። እኔ ነኝ?"

ሐጂ ሥራቸውን ትተው መጡ። አልፈሩትም፤ ቀርበው አዩት፣ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ደግመውም አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አሁን "አይደለህም" ሊሉት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አንተ ነህ፣ ልጄ" አሉት። "ግን ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ።"

ስኳር በወረቀት ጠቅልለው በእጁ አስያዙት። እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" አላቸው፤ ሌላ ምን ይበል።