የካቻቢቴ ግማሽ መዝገብ

ካቻቢቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ካቻቢቴ ከደረት ኪሱ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲከፍት፣ አንዲት ማንኪያ ጎደለችብኝ ያለው ሰው የለም፤ ከአንዴ በቀር። የዛሬ ሰባት ዓመት ቁልፍ የቀየረበት ቤት ተዘረፈና እሱ ተከሰሰ። አራት ወር ታስሮ፣ ዳኛው መከላከል እንኳ ሳያስፈልገው በነፃ አሰናበቱት። እሱም ረሳው፣ ሰፈሩም ረሳው።

ዘንድሮ ፍርድ ቤቱ የወንጀል መዝገቦችን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ማንም ስልኩን ከፍቶ የፈለገውን ሰው ስም መፈለግ ይችላል። ይሁን፣ ፍርድ በአደባባይ ሲታይ ማን ይጠላል? ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ክሱን ሁሉ አስገቡና ውሳኔውን "ለሁለተኛው ዙር" ብለው ተዉት! የካቻቢቴ ስም ሲጻፍ "ከባድ ስርቆት፣ ተከሳሽ" ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ይሄ ግልጽነት ከሆነ እኔን ይግረመኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ነገሩን የሰማው ደንበኞቹ አንድ በአንድ ከቀሩ በኋላ፣ ያውም ከሚስቱ አፍ ነው።

ደሙ ፈልቶ መዝገብ ቤት ሄደ። የውሳኔውን ግልባጭ ጸሐፊዋ ፊት ዘረጋው። አነበበችው፣ አዘነችለትም፤ ግን ዙሩ እስኪደርስ ምንም ማድረግ አልችልም አለች። ደግሞስ የተጻፈ ውሸት የለም፣ ተከሰው ነበር አይደል አለችው።

"ተከስሼ ነበር፣ እህቴ። ነፃ ያላችሁኝም እናንተው ናችሁ። እሱን የት ቀበራችሁት?"

ማመልከቻ ይጻፉ አለችው። ጻፈ። ይኸው ሦስት ወሩ፣ መልስ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖሩት አሮጊት ቁልፋቸውን ውስጥ ረስተው በሩ ተዘጋባቸው። ካቻቢቴ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ተሻገረ። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን እያዩ፣ ሌላ ሰው ጠርቻለሁ አሉት።

"እኔማ አምንሃለሁ፣ ልጄ። ልጆቼ ናቸው ስልክ ላይ ያነበቡት።"

ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ እሳቸው እዚያ ማዶ በፀሐይ፣ እሱ እዚህ መሣሪያውን እንደያዘ ቆሙ። የተጠራው ሰው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ መጣ። ነካካው፣ ጎረጎረው፣ አልሆነለትም፤ በመጨረሻ በመዶሻ ሰበረው። ካቻቢቴ በሁለት ደቂቃ ይከፍተው ነበር። አሮጊቷም ይህን እያወቁ ሰባሪውን መረቁት።