የጓሯችን ጋዝ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ነዳጅ ኩባንያዎች ያወራ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ መንግሥት፣ ከጉድጓድና ከቧንቧ የሚያፈተልከውን ሚቴን የተባለ ጋዝ እየፈተሹ እንዲደፍኑ ደንብ አውጥቶባቸዋል። ተሳፋሪው ያንቀላፋል፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። የአባቴ ጋዝ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው። አባቴ ከማድቤቱ ጎን ጓሮውን አስቆፍሮ የባዮጋዝ ማብላያ አሠራ። የከብቶቹ እበት በውሃ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ታፍኖ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ማድቤት ይደርሳል። ይኸው ሚቴን ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ለእናቴ ሲል ነበር፤ ጭስ ዓይኗን ጨርሶት ነበርና። ሽሮው ያለ ጭስ የተንተከተከ ቀን «አልሀምዱሊላህ» እያለች እንደ ሙሽራ ስትሽኮረመም አይቻታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ የማብላያው አናት ተሰነጠቀ። አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደ ጎተራ በጭቃና በእበት መርጎት እርፍ! ጎተራ እህል ይይዛል እንጂ ጋዝ መቼ ይይዛል። ማድቤቱ የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ከወረዳ ተቆጣጣሪ መጣ። ደንቡ አጭር ነው፤ የሚያፈስ ማብላያ እሳት ያስነሳልና እስኪጠገን ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ማድቤቱ ይሸታል እንዴ?» አለ።

«ምንም አይሸትም» አለ አባቴ።

አባቴ ስለ ዝናብ ሲያወራ እንኳ ወላሂ ሳይል አይጨርስም። እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና፣ «እስቲ ወላሂ በል» አለችው።

አባቴ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። ተቆጣጣሪው ምርጊቱ ላይ የሳሙና ውሃ ቢያፈስበት አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቧንቧውን ዘግቶ ሄደ።

«ምን አለ ዝም ብትይ ዘይነባ? ለዓይንሽ ብዬ እኮ ነው!» አላት አባቴ።

«ዓይኔስ ለምዶታል። ልጆቼን ላቃጥል?»

ግንበኛ እስኪገኝ ክረምቱን በእርጥብ እንጨት እያለቀሰች አበሰለች። አላማረረችም ብል ውሸት ነው፤ አባቴንም ተቆጣጣሪውንም ስትረግም ነው የከረመችው። አንጀቴን ትበላው ነበር።

ሐይቅ መናኸሪያ ልንደርስ ስንል ሬዲዮው፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ፈትሸው ለመንግሥት ያሳውቃሉ አለ። የእነሱ ጋዝ ደግሞ ከመሬት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አይሸትም ይባላል። ደንቡስ ደግ ነው። ግን በሩ ላይ ቆሞ «እስቲ ወላሂ በሉ» የሚላቸው ማን ይሆን?