ላጲስ የሚበቃው ኮምፒውተር

ዛሬ ስክሪኑ ሲበራ እልል ላሉት እናት መርዶ ነገርኳቸው።

እንደምታውቁት ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጠዋት እማማ የሺ አሮጌ ዴስክቶፕ በጋቢ ጠቅልለው ከአንኮበር መጡ። ሲከፍቱት ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

ባለቤታቸው መሪጌታ ከማረፋቸው በፊት ዜማቸውን የቀዱት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለም።

"አንድ ባለሙያ አይቶት 'አይሠራም፣ ሞቷል' ብሎ መለሰልኝ" አሉኝ።

ኬብሉን ቀየርኩ፣ ሌላ ስክሪን ሰካሁ፤ ምንም። ራሙን (ትንሿን የማስታወሻ ካርድ) ነቅዬ እግሩን በላጲስ ጠረግኩና መልሼ ሰካሁት። በራ! (ባለሙያው ቤት ላጲስ አልነበረም መሰለኝ።)

"በል ልጄ፣ ድምፁን አሰማኝ!"

ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን የሙሽሮች ፎቶ ነው።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አሉ እማማ።

ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ተቀይሯል። ያ ባለሙያ የእሳቸውን አውጥቶ የሌላ ሰው አሮጌ ዲስክ ከቶበታል።

ቁጥሩን ከእማማ ተቀብዬ ደወልኩለት። አልካደም። "የሳቸው ሰፊ ስለነበር ውስጡን አጥፍቼ ለሌላ ደንበኛ ገጠምኩት። ደንበኛውን አላውቀውም፣ መንገደኛ ነው። ምን ነበረበት?" አለኝ።

ምን ነበረበት!

ለእማማ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ያዙና "እንግዲህ ጆሮዬ እስኪረሳው ድረስ ነው" አሉ። ኮምፒውተሩን ትተውልኝ ሄዱ።

ለጥገና ሰጥታችሁ ያልተመለሰላችሁ ነገር ካለ እስቲ ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን ተናድጄ አልወጣልኝም።