የዘሪቱ ቡልኮ በታሽከንት ገበያ

ደምሰው የጂንካ ልጅ ነው። እናቱ ዘሪቱ ባሏ ከሞተ በኋላ እሱንና ታናሽ እህቱን አስቻለችን ያሳደገቻቸው በእንሰትና በቡና ጓሮዋ፣ ከዚያም በላይ በእንዝርቷ ነበር። ጥጥ ከቆላ ሲመጣ ገዝታ ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች። የእሷ ፈትል አይበጠስም እየተባለ ሸማኔዎች ገበያ ሳይደርስ ቤቷ ድረስ ይመጡ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። አማርኛዋም የገበያ አማርኛ ነው፤ ከልጆቿ ጋር የምታወራው በአካባቢው ቋንቋ በአሪኛ ነበር።

በ1978 መስከረም ደምሰው የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ስለ ጥጥና ስለ መስኖ እንዲማር ለአንድ ሴሚስተር ወደ ታሽከንት ተላከ። ታሽከንት በዚያን ጊዜ የሶቪየት ግዛት ብትሆንም አገሩ እስያ ነው። ከጂንካ ሲነሳ ከብቶቹን ከአውሮፕላን ሜዳው ያባረሩለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዘሪቱ ግንባሩን ይዛ ጸለየችለት። “እኛ ያላየነውን እይ” አለችው።

ታሽከንት ሲደርስ ወሩ የወይንና የሐብሐብ ወር ነበር። ከተማዋ ሞቃት፣ ዛፏ ብዙ፣ በየመንገዷ ዳር ውሃ የሚወርድባት ናት። በዚያ ወራት የአገሩ ተማሪዎች ጥጥ ለቀማ ተጭነው ይሄዳሉ። የውጭ አገር ተማሪዎች ግን ይቀራሉ፤ ትምህርቱም ይሳሳል። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሥራ ፈት ናቸው። አብሮት የሚያድረው ሳሌም የሚባል የደቡብ የመን፣ የኤደን ከተማ ልጅ፣ ርካሹ ባቡር ከየትኛው ሐዲድ እንደሚነሳ፣ የትኛው ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢተኙ ፖሊስ እንደማይቀሰቅስ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የውጭ ተማሪ ከከተማ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሳሌም ግን “ፈቃድ የሚጠየቀው በውዱ ባቡር የሚሄድ ሰው ነው” ይል ነበር።

እናም ሄዱ። በመጀመሪያ ሳማርካንድ። በባለ እንጨት ወንበሩ ባቡር፣ ከዶሮ ሻጮችና ከወታደሮች ጋር ተጠጋግተው፣ ክብ ዳቦ እየቆረሱ። ሰማያዊውን የሸክላ ጉልላት ሲያይ ደምሰው አፉን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር አርፎ አልተቀመጠም። ተራራ ሥር ያሉ መንደሮች፣ የሐር ትል የሚያረቡ ሰዎች ቤት፣ የወንዝ ዳር ከተሞች። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ ግን ብዕሩ እምቢ አለው። አገሩን አሰበ። ሰሜኑ ከረሃብ ገና አላገገመም። አብሮ አደጎቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተው ሄደዋል። እናቱ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ተዘግቶ፣ ሽማግሌው ጋሽ ነጋሽ ታስረዋል። ለእነዚህ ሰዎች “ሐብሐብ እየበላሁ አገር አያለሁ” ብሎ እንዴት ይጻፍ? አፈረ። ስለዚህ ችግር ጻፈ። “ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀንና ሌሊት አጠናለሁ። ከክፍሌ አልወጣም” አለ። ይህን ሲጽፍ ላብ በላብ ሆኖ መስኮቱን ከፍቶ ነበር።

አንዴ ከጻፈ በኋላ መመለሻ ጠፋ። ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው የባሰ ብርድ ያዘ፤ ሦስተኛው ላይ በረዶ ዘነበ።

በኅዳር የአውራጃው እርሻ ባለሙያ አቶ ዓባይነህ ለሦስት ሳምንት ስብሰባ ታሽከንት መጡ። ትልቅ ጥቅል አምጥተውለታል።

“እናትህ አውሮፕላን ሜዳ ድረስ ተሸክማው መጣች” አሉት። “ክብደቱ በዛ ብላት ‘ልጄ እየሞተ ነው’ አለችኝ። ምን ልበላት?”

ፈታው። ቡልኮዋ ነበር። ደምሰው ያውቀዋል። ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ፣ ድርብ አድርጋ አሠርታ፣ ጫፉ ላይ ቀይና ጥቁር ጥለት ያስገባችበት፣ ለእርጅናዬ ብላ ያኖረችው። ሌላ የላትም። በአስቻለች እጅ የተጻፈ ደብዳቤ አብሮ ነበር፦ “ይኸው ቡልኮዬ። እኔ ቤት ውስጥ እሳት አለልኝ። አንተ ተሸፈን።” ቡልኮው የቤታቸውን ጢስ ጢስ ይሸታል። የመኝታ ክፍሉ በእንፋሎት ቧንቧ ስለሚሞቅ እሱና ሳሌም በካናቴራ ነበር የሚተኙት።

እውነቱን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት አነሳ። አልበረደኝም ካለ ግን ያለፈው ሁሉ ውሸት መሆኑ ነው። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ላከ፦ “ቡልኮው ደርሶኛል። ሕይወቴን አተረፈው።” ከዚያም አጥፎ አልጋው ሥር ከተተው።

በጥር መጨረሻ ሴሚስተሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀረው። አሁን በረዶው በእውነት ወርዷል። ሳሌም “ቡኻራን ሳናይ ብንሄድ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?” አለው። ደምሰው እጁ ላይ ምንም አልቀረም፤ የወሩ አበል በቲኬት አልቋል። ሳሌም ለቲኬቱ ብሎ ጂንስ ሱሪውን ሸጠ። “አንተስ የሚሸጥ ነገር የለህም?” ሲለው የደምሰው ዓይን ወደ አልጋው ሥር ሄደ።

በአሮጌው ከተማ ገበያ፣ ቅመም ከሚሸጥበት ረድፍ ጎን ቆመ። ብዙም አልቆየም። ወፍራም ሻርፕ የተከናነበች አሮጊት መጥታ ጓንቷን አወለቀች። ቡልኮውን በዓይኗ አይደለም ያየችው፣ በጣቷ ነው። ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አሸት አደረገች፣ ጥለቱን ገለበጠች፣ ስፌቱን ፈለገች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

“ማማ?” አለችው።

ሩሲያኛ የማይችል ሰው እንኳ ይህቺን ቃል ያውቃታል። ደምሰው ጥያቄው በደንብ ገባው። አዎ ቢላት እንደማትገዛው፣ አጥፋ እጁ ላይ መልሳ እንደምታስቀምጥለትም ገባው። የእናት እጅ አይሸጥም የሚል ፊት ነበራት።

“ኔት” አላት። “ማጋዚን።” አይደለም፤ ከሱቅ ነው ማለቱ ነበር።

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ከፈለችውና ቡልኮውን በብብቷ ይዛ ሄደች።

ቡኻራ ሄደ። ደስ አላለውም ቢባል ጥሩ ነበር፤ ግን ደስ ብሎታል። ከጭቃ የተሠራውን ግንብ ዞረ፤ በበረዶ የተሸፈነ ኩሬ ዳር ቆሞ ሻይ ጠጣ፤ ከሳሌም ጋር ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ሲመለሱ ባቡር ላይ ነው ነገሩ የያዘው። ሳሌም እንቅልፍ ወስዶታል። ፊት ለፊቱ አንዲት እናት ልጇን በካፖርቷ ሸፍና ተቀምጣለች። ደምሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና እስከ ታሽከንት አልመለሰውም።

በየካቲት ጂንካ ሲያርፍ ዘሪቱ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር። አቀፈችው። ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ሳል ሰማ።

ቤት ሲገቡ አስቻለች ወደ ጓሮ ጠራችው። “ከኅዳር ጀምሮ በነጠላ ነው የምትተኛው” አለችው። “የእኔን ብርድ ልብስ ብሰጣት እምቢ አለች። ‘ልጄ በረዶ ላይ ተኝቶ እኔ እንዴት ይሞቀኛል’ ትላለች። ዝናብ ሲጥል እንኳ።”

ማታ እራት ላይ ዘሪቱ ሻንጣውን አየት አድርጋ፣ “ቡልኮዬስ?” አለች።

ደምሰው አፉ ላይ የመጣውን ተናገረ። “አብሮኝ የሚተኛ የኤደን ልጅ ነበር። ልብስ የለውም። በጣም ሲበርደው አይቼ ለእሱ ተውሁለት።”

ዘሪቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷ በራ። “ጌታ ይባርክህ” አለች።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምናልባት ይችለው ነበር። ግን የተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እሑድ እሑድ በዘሪቱ ቤት፣ በጓዳው በኩል ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ጋሽ ነጋሽም ተፈትተው መጥተዋል። በሁለተኛው እሑድ ዘሪቱ ተነሥታ መሰከረች። “ልጄ በረዶ አገር ሆኖ ልብሱን ለታረዘ ሰጠ” አለች። ሰዎቹ ጌታን አመሰገኑ። ጋሽ ነጋሽ እስር ቤት ባበጠ እጃቸው ራሱን ዳበሱት። ደምሰው መሬት መሬት አየ። ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

ትምህርቱን ስለጨረሰ በመጋቢት በኦሞ ወንዝ ዳር ኦሞራቴ ለጥጥ ሥራ ተመደበ። በወር አንዴ በጭነት መኪና እየተንገላታ ወደ ጂንካ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ዘሪቱ እየፈተለች ያገኛታል። “ይኼ ለማነው?” ቢላት “ላንተ ነው፤ ያንን ሰጥተህ ባዶህን ቀረህ” አለችው። ዓይኗ ደክሟል። ክሩን ወደ ብርሃን አስጠግታ ነው የምታየው። ትፈትልና ሳሉ ሲመጣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። ካለፈላት በኋላ ደግሞ ታሽከረክረዋለች። በአራተኛው ጉዞው፣ በሰኔ፣ ደምሰው አጠገቧ ተቀመጠና፣

“እማ፣ ተይው” አላት። “ቡልኮውን ለማንም አልሰጠሁትም። ሸጥሁት።”

እንዝርቷን አላቆመችም። “ርቦህ ነው?”

“አልራበኝም። ባቡር ለመሳፈር ነው። አገር ለማየት። ብርዱም ውሸት ነው፤ ክፍላችን ይሞቅ ነበር።”

ጥቂት ፈተለች። “የገዛህ ወንድ ነው ሴት?”

“ሴት። አሮጊት።”

“በእጇ ዳሰሰችው?”

“ዳሰሰችው።”

“ምን አለች?”

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። “እናትህ ናት ወይ የሠራችው ብላ ጠየቀችኝ።”

“አንተስ?”

“ከሱቅ ነው አልኋት።”

እንዝርቱ ቆመ። ዘሪቱ እጇን አየች። “አዎ ብትላት ኖሮ አትገዛህም ነበር” አለች።

“አዎ።”

“አውቀህ ነዋ።”

“አውቄ ነው እማ።”

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ደምሰው ከጓሮው አልተንቀሳቀሰም። ቆይታ ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች። “እኔ በጌታ ፊት ቆሜ ውሸት ተናገርሁ” አለች። “እሑድ አንተ ትነግራቸዋለህ። እኔ አልነግርልህም።”

እሑድ ቆሞ ነገራቸው። እየተንተባተበ፣ ግማሹን በአሪኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ያቺን ከሱቅ ነው ያላትንም ጨምሮ። የተቆጣው ሰው የለም። ጋሽ ነጋሽ “ተቀመጥ ልጄ” ብቻ አሉት። መዝሙሩ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ግን ለብዙ ወራት ጸልይልን ያለው ሰው አልነበረም።

ዘሪቱ ፈትሉን ጨረሰች። ቡልኮው ሲሠራ ለአስቻለች የሠርግ ስጦታ ሆነ። ደምሰው ልክ ነው ብሎ ተቀበለው። ከእሱ ጋር ግን እናቱ ቁጥብ ሆነች። ሲመጣ ታበላዋለች፣ ሲሄድ ትሸኘዋለች፤ ከዚያ የሚያልፍ ወሬ የለም። እንዲህ ሆነው ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ቀን እንሰት እየፋቀች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣

“በእኔ ቡልኮ የት ሄድህ?” አለችው።

“ቡኻራ የሚባል ከተማ።”

“ምን አለ እዚያ?”

ነገራት። በመጀመሪያ አጭር አጭር አድርጎ፣ እየፈራ። የጭቃውን ግንብ ርዝመት ጠየቀችው፤ ነገራት። ኩሬው በረዶ ሲሆን ዓሣው የት ይገባል አለችው፤ አላወቀም። ሴቶቹ ምን ይለብሳሉ፣ አህያ አላቸው ወይ፣ ማን ይፈትላል? ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠየቀችው። በመጨረሻ መፋቂያውን አስቀመጠች።

“ይኼን ለምን አልጻፍህልኝም?” አለችው። አሁን ነው ድምፅዋ የተሰበረው። “እኔ እይ ብዬ ላክሁህ። አንተ ዓይንህ ያየውን ለራስህ ይዘህ ለእኔ ብርዱን ብቻ ሰጠኸኝ።”

ከዚያ በኋላ ከኦሞራቴ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ እሱም ያየውን ይነግራታል። ቶሎ አለቀበት፤ አምስት ወር አምስት ወር ነው። “ባሕርስ አለ?” ስትለው ስለ ባሕር አሳምሮ መናገር ይችል ነበር፤ እሷም ታምነው ነበር። “ባሕሩን አላየሁም እማ” ይላታል። “እሺ” ትላለች።

በ1981 ክረምት ሳሉ ጠናባትና አረፈች። አስቻለች “ሳሉ አንተ ሳትሄድም ነበረባት፤ እኔ አውቃለሁ” ብላ ምላለታለች። ሐኪሙም የቆየ የሳንባ ሕመም ነው ብሏል። ደምሰው ሁለቱንም ሰምቷል። ሌላ የትምህርት ዕድል ሲመጣለት ጓደኞቹ ሂድ አሉት፤ እሱ ስሙን አሰርዞ ኦሞራቴ ቀረ። ለምን ቢሉት በቂ ምክንያት አልነበረውም። የፈተሉትን ጥጥ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ሲያገኝ ግን የማን እጅ እንደሆነ ስማቸውን ይጠይቃል።