ያልተነበበችው መስመር

እህቴ ያቺን አንዲት መስመር የዘለለቻት ለሕመምተኞቹ አዝና ነው ወይስ ለጥናቷ ሳስታ? ስንት ጊዜ አሰብኩት። እሷንም ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም።

ታላቄ ናት። ለዓመታት ነርስ ሆና ከሠራች በኋላ፣ "መድኃኒት መስጠቱንማ ለመድኩት፤ ሰው የተሰጠውን ለምን እንደማይውጥ ነው ያልገባኝ" ብላ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰች። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው በጤናና በሕመም ሥነ ልቦና ነው። እናታችን የትምህርቱ ስም ስለማይያዝላት ለጎረቤት "የበሽተኛ ሐሳብ ነው የምታጠናው" ትላለች። እውነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የልብ ሕሙማንን ታነጋግር ነበር። ክሊኒኩ የሰጣት ክፍል የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ነው። በሁለቱ ደህና ወንበሮች ላይ እሷና ሕመምተኛው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መሃላቸው ስልኳ ድምፅ ይቀዳል። ከመጀመሯ በፊት ግን የምታነብላቸው ቃል አለ። የሚነግሯትን ለማንም እንደማትናገር ትገልጽና በመጨረሻ፣ "ሕይወትዎን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሰማሁ ግን ለሐኪምዎ እነግራለሁ" ትላለች። ይህችን ሲሰሙ የሰዎቹ ፊት ይቋጠራል። "መድኃኒቴን? በሰዓቱ ነዋ የምወስደው!" ብለው ይነሳሉ።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ "መጨረሻዋን መስመር ተውኳት፤ አሁን አፋቸው ተፈታ" አለችን። ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞለታል፤ ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን ኪኒን መዋጥ አለበት። ኪኒኑን ሲውጥ ደግሞ መርፌ ጫር ባደረገው ቁጥር ደሙ አልቆም ይለዋል። አንዴ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጠብ አለበትና ሙሽራዋ እዚያው ቆማ አለቀሰች። "ስለዚህ ተውኩት" አላት። "ወር ሊሆነኝ ነው። ሚስቴ እንኳን አታውቅም።"

ያን ቀን እቤት ስትገባ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "የሰው ሐሳብ ስታጠኚ የራስሽን ሆድ ረሳሽው እንዴ?" አለቻት እናቴ። አልሳቀችም። እኔ እያነበብኩ ስለማመሽ በግድግዳው በኩል ስትንጎራደድ እሰማት ነበር። ነርስ ናት፤ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላት ሲወጣ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይኗ አይታለች።

በማግስቱ አማካሪዋ ዘንድ ሄደች። "ምን ያስጨንቅሻል? አንብበሽለታል አይደል? ለሐኪሙ ንገሪያ!" አላት። እንዳላነበበችለት ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ። "መናገሩንማ አሁንም ትናገሪያለሽ። ሳታነቢላቸው የቀዳሻቸውን ሰዎች ድምፅ ግን በሙሉ ታጠፊያለሽ።" ከልፋቷ አብዛኛው እነሱ ነበሩ።

ሳትናገር በፊት ልብስ ሰፊውን ማየት ፈለገች። ብቻዬን አልችልም ብላ ወደ ልብስ መስፊያው ይዛኝ ሄደች።

"ባልሽ ነው?" አላት ከማሽኑ ቀና ብሎ።

"ወንድሜ ነው።"

"እንግዲያው በሱሪው ብስቅ አትቀየሚም። ማነው የሰፋው፣ ጠላቱ?"

ቁጭ እንኳን ሳትል፣ "ያላነበብኩልዎት ነገር አለ" አለችና መስመሯን በቃሏ አለችለት። ማሽኑን የሚረግጠው እግሩ ቆመ።

"ይህን ብሰማ ኖሮ አልነግርሽም ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አባባ።"

"ለዚህ ነዋ ያላነበብሽው!"

በመርፌ የተበሳሱ ጣቶቹን ዘርግቶ አሳያት።

"እኔ የምበላው በልቤ አይደለም፣ በጣቴ ነው። ገባሽ?"

"ነገ ጠዋት ለሐኪሙ እነግራለሁ። ቀድመው እርስዎ ቢሄዱ ይሻላል፤ መጠኑን ሊያስተካክልልዎት ይችላል።"

"ስትቀጂኝ ልጄ ነበርሽ፣ አሁን ፖሊስ ሆንሽብኝ። ውጪልኝ! ይዘሽው ውጪ፣ ከነሱሪው!"

ጠዋት አብሬያት ነበርኩ። ክሊኒኩ ሲከፈት ገብታ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስትየው ናት። ረፈድፈድ ሲል ባሏን ክንዱን ይዛ አመጣችው። እህቴ ከአግዳሚው ተነስታ አረማመዱን፣ አፉ መጣመም አለመጣመሙን አየች፤ ደህና ነው። እሱ ግን እንደ ግድግዳ አልፏት ሄደ። አስተኙት።

ቆይታ ሚስትየው ብቅ አለች። "መርፌ ተወጋ፣ ኪኒኑንም ዋጠ። አንቺን እየረገመ ነው የዋጠው። እዚህ ካለች የነገውን አልውጥም ብሏል፤ በሞቴ ሂጂልኝ እህቴ።"

እቤት ገብታ መስመሯን ሳታነብ የቀዳቻቸውን ድምፆች አንድ በአንድ አጠፋች። እሱ ጋ ስትደርስ ትንሽ አዳመጠችው፤ ስለ አንዲት ወፍራም ደንበኛው እያወራ ይስቃል። እሱንም አጠፋችው። ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ላይ ጋደም አለች።

"ነገ ባይውጠውስ?" አለችኝ።

"ሚስቱ አለች አይደል?"

"ሚስቱማ ያን ወር ሙሉም ነበረች።"

ሌሊቱን አልተኛችም ነበርና መጋረጃውን ሳብኩላት። ብዙ ተገላበጠች። እንቅልፍ ሲወስዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።